በመካከል የሚሰማው ሰው

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለች የስናን ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ስሟ ረቡዕ ረቡዕ ትሞላለች። ከደጋው ገብስና ድንች፣ በግና ፈረስ ይወርድላታል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ባለ ገበያ ከእህሉና ከከብቱ ጋር መልእክትም ይወርድ ነበር። የታመመ ዘመድ፣ ያረፈ ሰው፣ የሽምግልና ቀጠሮ፣ የቆየ ብድር፣ የጋብቻ ጥያቄ፣ ሁሉም ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው የሚሻገረው በገበያተኛ አፍ ነበር። የመንግሥት አዋጅም ነጋሪት ተጎስሞ የሚነገረው ሕዝብ በተሰበሰበበት በገበያው መሀል ነው።

አዋጁ ለሁሉም የሚነገር ነውና ችግር አልነበረበትም። ችግሩ ለአንድ ሰው ብቻ የታሰበው ቃል ነበር። ላኪው መልእክተኛ ሲመርጥ የእግሩን ፍጥነት ብቻ አያይም። ቃሉን ሳያዛንፍ የሚይዝ፣ ጠላ ቤት ሲገባ የማያወራ፣ መንገድ ላይ ቢይዙት የማይለፈልፍ ሰው ይፈልጋል። ተቀባዩም በበኩሉ ይጠነቀቃል። ይህ ሰው በእርግጥ ከእገሌ ዘንድ ነው የመጣው? ወይስ የእገሌን ስም ይዞ የመጣ ሌላ ሰው ነው? ላኪ ለመልእክተኛው ከቃሉ ጋር ምልክት የሚያስይዘው በዚህ ምክንያት ነበር። ምልክቱ ተቀባዩ የሚያውቀው ዕቃ፣ ወይም ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር ሊሆን ይችላል። ክብረ ነገሥት ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ቀለበት ሰጣት፣ ልጁም ወደ አባቱ ሲሄድ መታወቂያው ያ ቀለበት ሆነ ብሎ ሲተርክ ይህንኑ ልማድ ነው የሚያሳየው። አባት ልጁን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም፤ ቀለበቱን ግን ያውቀዋል።

ቤተ መንግሥት ውስጥ የቀለበቱን ቦታ ማኅተም ያዘው። በ19ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት የሚልኩት ደብዳቤ በአብዛኛው ፊርማ የለበትም። እውነተኛነቱ የሚታወቀው ከላይ በታተመው ማኅተም ነው። ስለዚህ ማኅተሙን የሚይዘው ሰው ተራ ጸሐፊ አልነበረም። ለምሳሌ የዳግማዊ ምኒልክ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የንጉሡን ታሪክ የጻፉ ሊቅ ናቸው። ንጉሡ ታመው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት ደግሞ ማኅተሙን ማን ይዞታል የሚለው ጥያቄ አገሩን ማን ያስተዳድራል ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ነበር።

ማኅተም ግን ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ይናገራል እንጂ ላኪው እውነት መናገሩን አይመሰክርም። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከተሻሩ በኋላ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ሲገሰግሱ፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከእርሳቸው ጋር እንደሆኑ የሚያስመስል ደብዳቤ እየላኩ እንዳዘገዩዋቸው ይነገራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆኑ። ደብዳቤው ትክክለኛ፣ ማኅተሙም ትክክለኛ ሆኖ ሳለ የተታለለው የንጉሡ ልብ ነበር።

ተራው ሰው ግን ማኅተምም ጸሐፌ ትእዛዝም የለውም። ጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ሊቃውንት ያፈሩ ቦታዎች ናቸው። ያም ሆኖ ገበሬው በአብዛኛው ፊደል አልቆጠረም ነበር። ሩቅ አገር ላለ ልጁ መላክ ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ደብተራ ወይም ወደ ተማሪ ነው። ከተማ ሲገባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ወደሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ይሄዳል። ደብዳቤው በሰላምታ ይጀምራል፤ እንደምን ሰነበትክ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ይላል። ቀጥሎ የቤቱ ጉዳይ ይመጣል፤ የመሬት ክርክሩ፣ የእህትየዋ ፍቺ፣ የአባትየው ሕመም። ይህን ሁሉ ጸሐፊው ይሰማል። ደብዳቤው ሲደርስም ተቀባዩ ማንበብ ካልቻለ ሌላ አንባቢ ይሰማል። ሁለት ሰዎች የተላላኩት ምስጢር በትንሹ አራት ሰው ያውቀዋል። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የሰሙትን በሆዳቸው ይዘው የኖሩ የታመኑ ሰዎች ነበሩ። የምስጢሩ መጠበቅ ግን በባለቤቱ እጅ አልነበረም፤ በጸሐፊው ደግነት ላይ ያረፈ ነበር። ይህ ነገር ከዘመን ዘመን እየተከተለ እስከ ዛሬው ስልክ ድረስ ይዘልቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. ሲያቋቁሙና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ፣ በማያውቁት ሰው እጅ የሚሄድበት አዲስ ሥርዓት ገባ። ስልክም በዚያው ዘመን መጣ። ራስ መኮንን ከጣሊያን ሲመለሱ ይዘውት የመጡት መሣሪያ በቤተ መንግሥቱ ተሞከረ፤ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ። የያኔው ስልክ ዛሬ እንደምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የሚያወሩበት አልነበረም። ርቀቱ ሲረዝም ድምፅ ይደክማል፤ በየጣቢያው የተቀመጠው ቴሌፎንኛ ቃሉን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። የታሸገው ፖስታ ያስወጣውን ሰው ስልኩ መልሶ በመካከል አስቀመጠው።

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ሲረቀቅ፣ ሕግ ከሚያዝዘው በቀር የኢትዮጵያዊ ደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር የሚል ድንጋጌ ገባበት። በጽሑፍ ደረጃ የአንድ ገበሬ ደብዳቤ ከንጉሥ ደብዳቤ እኩል ክብር ያገኘበት ጊዜ ይኸው ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ገባ።

ወረራው ምስጢር መጠበቅን የሕይወትና የሞት ጉዳይ አደረገው። በጫካ ያለው አርበኛና በከተማ ያለው የውስጥ አርበኛ የሚገናኙት በሰው ነበር። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች መረጃና ስንቅ ሲያቀብሉ ተይዘው ታስረዋል፤ ሸዋረገድ እስከ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው ጦራቸውን ያቆሙት ሽቦ በሌለበት አገር፣ በእግረኛ መልእክተኛ ነው። ጣሊያን ግን ሽቦ ነበረው። ያም ሽቦ በመጨረሻ ከዳው።

ጊዜው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከሱዳን ተነሥቶ፣ ከጎጃም አርበኞች ጋር ጣሊያንን እየገፋ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ጣሊያኖቹ ከተማዋን ለቀው ወደ ዓባይ ሲያፈገፍጉ በቸኮላቸው አንድ ነገር ረሱ፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ መሻገሪያው ምሽግ የሚሄደውን የስልክ መስመር አልቆረጡትም። ከጦሩ ጋር ኤድመንድ ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ነበር፤ የሚሠራው ለክርስቲያን ሳይንስ ሞኒተር ጋዜጣ ነው። ጣሊያንኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ዊንጌት ስልኩን ሰጠው። ስቲቨንስ ራሱን እንደ ጣሊያን ሰው አድርጎ፣ አሥር ሺህ የሚሆን የእንግሊዝ ጦር እየመጣባችሁ ነው፣ ብትወጡ ይሻላችኋል የሚል ወሬ አቀበላቸው። ምሽጉ ተለቀቀ። እውነተኛው የጌዴዎን ጦር ከሁለት ሺህ ሰው ብዙም የራቀ አልነበረም። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ይህ ታሪክ በጦርነቱ መጻሕፍት ውስጥ እንደ አስደናቂ ብልሃት ይተረካል። ዛሬ ሞባይል ለሚይዝ ሰው ግን ከብልሃትነቱ በላይ ነገሩ የሆነበት መንገድ ሊታሰብበት ይገባል። በሽቦው ማዶ የነበረው ጣሊያናዊ ሁለት ነገር ያውቃል፤ መስመሩ የራሱ ጦር መስመር ነው፣ ድምፁም የአገሩን ቋንቋ ይናገራል። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ሽቦውን የጠለፈ፣ ምሥጢራዊ ጽሕፈት የፈታ የለም። የተዋሰው የታመነ መስመርና የታመነ አነጋገር ብቻ ነው። የቀድሞው መልእክተኛ ይዞት የሚሄደው ምልክት፣ ቀለበቱ፣ በዚያ ስልክ ላይ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ስልክ በጠቅላይ ግዛቶቹ እየሰፋ ሄደ፤ በትናንሽ ከተሞች ግን ለረጅም ዘመን ስልክ ማለት አንድ ቢሮ ነበር። በእጅ የሚዞር ስልክ፣ መስመር የሚያገናኝ ሠራተኛ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ያስይዛል፤ ወረቀት ቤቷ ድረስ ይሄዳል፤ እናት በቀጠሮው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌ ትመጣለች። ድምፅ ስለማይሰማ ትጮኻለች። ልጇ ገንዘብ መላኩን፣ ምን ያህል እንደላከ፣ በማን እጅ እንደላከ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል። የቴሌ ሠራተኞቹ እንደ ደብተራው የከተማው ምስጢር መዝገብ ሆኑ። ብዙዎቹም በዚህ የተከበሩ ነበሩ።

የደርግ ዘመን ሌላ ትምህርት ሰጠ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደብዳቤና ፎቶግራፍ፣ የስም ዝርዝርና መጽሐፍ እሳት ውስጥ ገባ። በየቤቱ ፍተሻ ነበርና አንድ ወረቀት ሌላ አሥር ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ሕቡዕ ድርጅቶች አባሎቻቸውን በትናንሽ ሕዋሶች ከፋፈሉ፤ አባሉ የሚያውቀው ጥቂት ጓዶቹን፣ እነሱንም በትግል ስማቸው ነበር። የማያውቀውን ማንም ደብድቦ አያወጣውም። ያ ትውልድ የከፈለው ዋጋ ከባድ ስለነበር ይህን እንደ ቀላል ምክር ማንሳት አይገባም። ቢሆንም ዛሬ አንድ ሰው የሺህ ሰዎችን ስልክ ቁጥር፣ የዓመታት ወሬና የመታወቂያ ፎቶ በኪሱ ይዞ ገበያ እንደሚወጣ ሲታሰብ፣ ስለ ራስ ብቻ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ስላሉት ሌሎች ሰዎችም ማሰብ ግድ ይሆናል።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ተከተለ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ሰሞን ሰው ቅስቀሳና ጥሪ በጽሑፍ መልእክት ተለዋወጠ፤ ብዙም ሳይቆይ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ተዘጋ። የተመለሰው በኢትዮጵያ ሚሊኒየም መባቻ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመካከል ያለው አካል መስማት ብቻ ሳይሆን አፍም መዝጋት እንደሚችል አገሩ ያየው ያኔ ነው።

የመስማቱ ነገር በማስረጃ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤ፣ ስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ያወጣው ሪፖርት ግን የጸጥታ ሰዎች የስልክ መዝገቦችን ያለ በቂ የፍርድ ቤት ቁጥጥር ያገኙ እንደነበር፣ በምርመራ ጊዜም የተቀዳ የስልክ ወሬ ለታሳሪዎች ያሰሙ እንደነበር ዘረዘረ። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ ደግሞ በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ ያነጣጠሩ የስለላ ሶፍትዌሮችን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተገኘው ፊንፊሸር የተባለው ሶፍትዌር፣ በ2014 የሃኪንግ ቲም፣ በ2017 ደግሞ የሳይበርቢት ኩባንያ ምርት ነበር።

በነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ በጣም የሚያስተምረው የመግቢያው መንገድ ነው። በአንዱ ማባበያው የተቃዋሚ ድርጅት መሪዎች ፎቶ ነበር። በሌላው በስካይፕ የተላከ ፋይል፣ በሦስተኛው ደግሞ የቪዲዮ ማጫወቻህን አድስ የሚል የሐሰት ገጽ። በሚሊዮን ብር የተገዛ ቴክኖሎጂ እንኳ ደጁን የሚያስከፍተው ባለቤቱን ነበር፤ የሚያውቀውን ነገር አስመስሎ፣ ራሱ እንዲከፍትለት። ከደብረ ማርቆሱ ስልክ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው።

ያኔ ምስጢርን ለመጠበቅ መሞከር ራሱ ሊያስጠረጥር ይችል ነበር። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች ላይ ከቀረበው ክስ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ በተባለ፣ ለማንም ክፍት በሆነ የዲጂታል ደህንነት መማሪያ መጠቀማቸው ተጠቅሶ ነበር። ገሚሶቹ ሐምሌ 2007 ተፈቱ፤ የቀሩትም ጥቅምት 2008 ላይ ከሽብር ክሱ ነጻ ወጡ። በር መቆለፍን እንደ ወንጀል ምልክት መቁጠር ስህተት ነው። ደብዳቤውን የሚያሽግ ሰው የሚደብቀው ክፋት ስላለው ሳይሆን ደብዳቤው የእሱ ስለሆነ ነው።

ይህ ሁሉ የከተማ ሰዎች፣ የፖለቲካ ሰዎች ታሪክ ሊመስል ይችላል። በደጋው ከተሞች ግን ስልኩ ሌላ ነገር አድርጓል፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነው። የድምፅ መልእክት መጣ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ ላለች ልጇ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ትናገራለች፤ ጸሐፊ የለም፣ አንባቢ የለም። የልቧን፣ በገዛ ድምፅዋ፣ በፈለገችው ሰዓት ትልካለች። ከደብተራው ጀምሮ በመካከል የተቀመጠው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። በግላዊነት ረገድ ይህ ለገጠር ሴት ከየትኛውም ሕገ መንግሥት የበለጠ የሰጣት ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ያው ሰው በሌላ በር ተመልሷል። ስልኩን የሚከፍትላት፣ ቴሌግራሙን የሚጭንላት፣ የቴሌብር የምስጢር ቁጥሯን የሚያወጣላት ሞባይል ቤት ያለው ወጣት ነው። ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። አካውንቱ የሚከፈተው በእሱ ፊት፣ አንዳንዴም በእሱ ቁጥር ነው። የምስጢር ቁጥሩን የሚመርጠው እሱ ነው፤ እንዳትረሳውም በወረቀት ጽፎ ይሰጣታል። አብዛኛው ወጣት እንደ ጥንቱ ጸሐፊ የታመነ ነው። ልዩነቱ ጸሐፊው አንድ ደብዳቤ ብቻ ማወቁ ነው። ስልኩን ያስተካከለው ግን ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ሁሉ፣ ገንዘቡንም ጨምሮ፣ ሊያይ ይችላል።

መፍትሔው ወጣቱን መጠርጠር አይደለም፤ ሥራውን ከምስጢሩ መለየት ነው። ስልኩን ያስተካክል፣ ያሳይ፣ ያስተምር። የምስጢር ቁጥሩ የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ ግን ስልኩን ለባለቤቱ ሰጥቶ ፊቱን ያዙር። ጥሩ ባለ ሞባይል ቤት ይህን ሳይጠየቅ ማድረግ አለበት። በ*127# ወይም በ*889# ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ደግሞ የምስጢር ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሳይሸፈን ሊታይ እንደሚችል ይወቅ፤ በገበያ መሀል፣ ሰው ትከሻው ላይ ቆሞ ሳለ መክፈል የለበትም።

ስለ መተግበሪያዎቹ አሠራር የተሳሳተ እምነት በሰፊው አለ። ብዙ ሰው ቴሌግራም ሁሉን ነገር የሚቆልፍ ይመስለዋል። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ መልእክቱን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ቆልፎ ይወስዳል፤ መካከል ላይ ኩባንያው ራሱ ሊያነበው አይችልም። የቴሌግራም የተለመደው ወሬ ግን እንዲህ አይደለም። በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት የሚባለውን ለይተው ሲከፍቱ ብቻ ነው፤ ግሩፕና ቻናል ደግሞ በዚህ መንገድ ጭራሽ አይቆለፍም። የሁለት መቶ ሰው ግሩፕ ላይ የተጻፈ ነገር ቢቆለፍ እንኳ ከሰው ብዛት የተነሣ ምስጢር አይሆንም፤ አንድ ሰው ስክሪንሾት ካነሣ አለቀ።

ተራው የጽሑፍ መልእክትና የስልክ ጥሪ ከሁሉ የላላ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ሰው የቀረው በነዚህ በሁለቱ ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋ ከወሬውና ከሥራው ጋር የተቆለፈው መንገድም አብሮ ይጠፋል። ይህ በልኩ ያልተነገረለት ጉዳት ነው።

አሁን አብዛኛውን ቤት የሚያንኳኳው ሌባ ግን ቁልፍ አይሰብርም፤ ይደውላል። ከባንክ ነው የምደውለው ይላል፣ ከቴሌ ነኝ ይላል፣ ሽልማት ደርሶዎታል ይላል። ስም ጠርቶ፣ በትሕትና፣ አንቱ እያለ ነው። ቀጥሎ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ ይላል። ያ ቁጥር ቴሌግራም ወይም ባንኩ የባለቤቱን ማንነት ለማረጋገጥ የላከው ኮድ ነው። የቴሌግራሙ አምስት አኃዝ ነው፤ ለማንም እንዳይሰጥ፣ የቴሌግራም ሰው ነኝ ለሚልም ቢሆን እንዳይነገር ከራሱ ከመልእክቱ ጋር ተጽፎ ይመጣል። የተጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ምን ይጠቅመዋል? ባንኮቹና የቴሌ ድርጅቶቹ ይህን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ፣ በድምፅ፣ ገበሬው በሚገባው አነጋገር ማሰማት ግዴታቸው መሆን አለበት።

እስከዚያ ድረስ የጥንቱ ምልክት ይሠራል። ቴሌግራም ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለውን የከፈተ ሰው ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው የሚያጣው ሁለተኛ ቁልፍ አለው፤ ከራሱ በቀር ማንም የማያውቀው ቃል። ከደላላው ጋር በስልክ የሚገበያይ የድንች ነጋዴም፣ ዐረብ አገር ልጅ ያላት እናትም አንድ ጥያቄ አስቀድመው ቢስማሙ ጥሩ ነው። ገንዘብ ላኩልኝ የሚል መልእክት ከዘመድ ስም ሲመጣ ያንን ጥያቄ ይጠይቁ፤ ወይም በሚያውቁት ቁጥር ደውለው ድምፁን ይስሙ። ይህ ዘመድን መጠራጠር ሊመስል ስለሚችል ብዙ ሰው ያፍራል። አያሳፍርም፤ ሰሎሞን እንኳ ለገዛ ልጁ ቀለበት አዘጋጅቷል።

ሕጉም ዘግይቶ መጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሰበሰበ፣ እንዴት እንደሚጠብቀው ኃላፊነት ጣለበት፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ትልቅ እርምጃ ነው። የመታወቂያ ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ የሚል የቢሮ ሠራተኛ፣ የደንበኞችን ቁጥር በደብተር መዝግቦ ጠረጴዛ ላይ የሚተው ሱቅ ግን አዋጁን ገና አላየውም።

አካውንቱ ለተወሰደበት ሰው ጊዜ ወሳኝ ነው። ሌባው የሚጎዳው ከባለቤቱ በፊት ዘመዶቹን ነው፤ ወዲያው ስማቸውን እያየ ብር ይጠይቃቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለቅርብ ሰዎች በድምፅ ደውሎ ከኔ የሚመጣ መልእክት አትመኑ ማለት ይቀድማል። ቀጥሎ ቴሌግራሙ በሌላ መሣሪያ ክፍት ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍቶ የማያውቃቸውን ስልኮች ማስወጣት፣ ባንኩ ጋ ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ፣ ስልኩ ከነሲሙ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ የማንንም ስልክ ተውሶ በቴሌ ቁጥር 994 ሲሙን ማስዘጋት ነው።